አራተኛው አለሁ ይላል

ናዝራዊትን ያን ረቡዕ ጠዋት ወንበሯ አላስቀምጥ አላት። ተነስታ መስኮቱ ዘንድ ትሄዳለች፣ በዳንዳስ መንገድ የሚያልፈውን የጎዳና ባቡር ታያለች፣ ተመልሳ ስክሪኑ ላይ ታፈጣለች። መሥሪያ ቤቷ የኩላሊት እጥበት ለሚያደርጉ ሕመምተኞች መኪና ይመድባል፤ ከንጋት ጀምሮ ግን «መኪናዬ የት ቀረ?» የሚል ስልክ እንደ ጉድ ይጮኻል። ከሕመምተኞቹ አንዱ ደግሞ ዌስተን ሰፈር የሚኖሩት የገዛ አባቷ አቶ ብርሃኔ ናቸው።

ምደባውን የሚሸከሙት ስድስት ሰርቨሮች ናቸው። አራተኛውን ባለፈው ዓርብ የጨመረችው እሷ ራሷ ነች። ስድስቱም በየሰከንዱ በመልቲካስት «አለሁ» ይላሉ። መልቲካስት እንደ እድር ጡሩምባ ነው፤ ቤት ለቤት አያንኳኳም፣ አንዴ ይነፋል፣ አባል የሆነ ሁሉ ይሰማል። ሥራ አከፋፋዩ ፕሮግራምም ጥሪውን እየሰማ እጁ ባዶ ለሆነው ሰርቨር ሥራ ይሰጣል።

«ሁሉም ግሪን ነው» አላት አጠገቧ የሚሠራው እዝራ፣ ስክሪኑ ላይ የበሩትን ስድስት አረንጓዴ ምልክቶች እያሳያት። «እንደ ሰኞው የሾፌሮቹ ፕሮብሌም ነው። ኮል አድርጊያቸው።»

እሷ ግን የደወለችው ለአባቷ ነበር።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«አለሁ ልጄ፣ ተመስገን። ሥራሽን ሥሪ።»

ሰውየው እንዲህ ናቸው። ሱዳን ስደተኛ ሰፈር ሳሉም አለሁ፣ ሚስታቸውን በቀበሩ ማግሥትም አለሁ፤ ነገር ሁሉ ሆድ ይፍጀው ነው። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ከጀርባቸው የሊፍት ደወል ሰማች። ደወሉን ታውቀዋለች፣ የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት ነው። በዚህ ሰዓት ክሊኒክ ውስጥ መሆን ነበረባቸው።

«እንዳይዘጉት!» አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ አንድ የሙከራ ቀጠሮ ላከች። አምስቱ መዘገቡ። አራተኛው «ተቀብያለሁ» አለ፣ አንዳችም አልጻፈም። ዓርብ ቀጠሮ ከሚጻፍበት መዝገብ ጋር ማገናኘቱን ረስታዋለች! የተሰጠውን ሁሉ ይጥላል፤ የማይሠራ ሰው ደግሞ እጁ መቼም አይሞላምና፣ አከፋፋዩ ሥራ ፈቷል እያለ ይጨምርለታል።

ከአባልነት አስወጣችው። ደቂቃ ሳይሞላ መኪኖች መመደብ ጀመሩ።

«ግሪን ነበር እኮ!» አለ እዝራ።

«አለሁ ነው ያለው። ሠርቷል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።»

ስልኩን አነሳች።

«አባባ፣ መኪናው ዛሬ መጣ?»

«አልመጣም» አሉ።

«ሰኞስ?»

«አንቺን ሥራ ላይ ከማስቸግር ብዬ...»

«ሰኞስ፣ አባባ?»

«ሰኞም አልመጣም።» ድምፃቸው ቀጠነ። «እግሬ አብጧል። ትንፋሽ ያጥረኛል። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

ናዝራዊት ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ሰኞ ማታም ደውላ ነበር፤ አለሁ ሲሏት ደስ ብሏት ነው የዘጋችው። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ አወቀች።

የእዝራን ስልክ ነጥቃ አምቡላንስ ጠራች። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ አድራሻውን ከተቀበለቻት በኋላ በእርጋታ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሉ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ደህና አይደሉም» አለች። «ቶሎ ድረሱልኝ።»