ፈተናው እስኪያልቅ

ተሂላ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቆማለች። ጥያቄው ዐሥራ ሁለት ነው፤ የቀረው ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ። ያውም ስታቲስቲክስ! የቢዝነስ ትምህርት ከጀመረች ገና አራተኛ ሳምንቷ ነው። ኮሌጁ የተቀበላት «አል ትናይ»፣ ማለትም በቅድመ ሁኔታ ነው፤ በዚህ የመጀመሪያ ፈተና ሰባ ካላመጣች በመጣችበት ትመለሳለች። ሌሎቹ አንዴ ሰምተው የሚገባቸውን እሷ ሦስቴ አንብባ ነው የምትይዘው። አንዱን ምዕራፍ ጨረስኩ ስትል ሌላው ይቆለላል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየች ሰነበተች።

ይህ ሳያንስ ደግሞ መርዶ ተሸክማለች። እሑድ ዕለት የእናቷ የአጎት ልጅ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ደወሉላት። የእናቷ ታናሽ እኅት፣ አክስቷ ውዴ፣ ሞታለች፤ ወደ እስራኤል ለመምጣት ጎንደር ላይ ዐሥራ ስድስት ዓመት ተራ ስትጠብቅ የኖረችው ውዴ።

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት። «ደም ግፊት አለባት። ረቡዕ ከሰዓት ሽማግሎቹን ይዤ እመጣለሁ፤ መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ጠብቂያት።»

ጠብቂያት! እናት እንዴት ነው የምትጠበቀው? ሦስት ቀን ሙሉ እየሳቀች በላች፤ እየሳቀች ጠጣች። እናቷ ተናኜም ፊትሽ ምን ሆነ ብላ አልመረመረቻትም። ምግቧን ታቀርብላትና «አጥኚ» ትላታለች፤ ሌላ ቃል የለም። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ተሂላ ከጎንደር እንዳይደወል ፈርታ የእናቷን ስልክ «ላስጠግንልሽ» ብላ ይዛው ወጣች። ተናኜ ዛሬ ሥራ የላትም፤ ቤት ብቻዋን ናት።

ቦርሳዎቹ ከተደረደሩበት ከፊት በኩል ስልክ ጮኸ። ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ወይኔ! የእናቷን ስልክ ድምፁን ሳታጠፋው ቀርታለች። ክፍሉ ሁሉ ቀና አለ።

ከጎንደር ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? እዚህ ካልተነሳላቸው የቤቱን ቁጥር ነው የሚመቱት። እናቷ ደጋፊ በሌለበት፣ ሽማግሌ በሌለበት ያን ስልክ ስታነሳ ታያት። ተናኜ በሱዳን በኩል ስትወጣ ውዴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ «መንገዱን አትችለውም» ተብላ ከአክስታቸው ዘንድ ቀረች። እናቷ ስለዚያ ቀን ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም። ተሂላ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች።

«ከወጣሽ መመለስ የለም» አለቻት ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን እያየች። ስምንት ጥያቄ ባዶ ነው።

«አውቃለሁ።»

ወደ ቤት የሚወስዳት አውቶቡስ ራማት ፖሌግ ሰፈር ላይ በመኪና መሀል ተቀርቅሮ ቀረ። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ሹፌሩ ሁሉ መንዳት የረሳ ይመስላል። መስኮቱ አይከፈት፣ በሩ አይከፈት። «ከሁለት ያጣሁ ልሆን ነው» አለች በሆዷ፤ ፈተናውም ሄደ፣ እናቴም ጋ አልደረስኩም። ልውረድና ልሩጥ ብትል ቤታቸው ያለበት ኤይን ሀትኽሌት የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ቁጭ ብላ ተንገበገበች።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጥታ በሩን ከፈተች። ተናኜ መሬት ላይ ባነጠፈችው ፍራሽ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ማን ደወለልሽ?» አለች ተሂላ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ማንም። ሰኞ ሥራ ቦታ ሙኒት የሰማሁ መስሏት ‹እግዜር ያጥናሽ› አለችኝ።»

«ሰኞ? እና እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«ፈተና አለብሽ፤ ልጄ። እኔ እያለቀስኩ አንቺ ምን ታጠኛለሽ? ከንፈሬን ነክሼ ቻልኩት።» ተናኜ ቀና ብላ አየቻት። «ቶሎ መጣሽ። ጨረስሽ?»

ተሂላ በሩን ተደገፈች።

«ጨረስኩ፤ እማ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ተመስገን» አለች ተናኜ። «እንግዲያ አሁን ላልቅስላት።»

ከዚያም ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ የእኅቷን ስም ጠራች።