የድራም መቺው መርዶ

ሰቆጣ ላይ ካሴት ስሸጥ ኖሬ የፈረንጅ ሙዚቃ ወድጄ አላውቅም። ጩኸት ነው። ይህን አንዱን ግን በቃሌ ነው የማውቀው፤ አያ ጓንጉል በየገበያው ቀን ከደሃና በእግራቸው እየመጡ ያስከፍቱኛል።

ካሴቱ የልጃቸው የደግሰው ነው። ደግሰው የሰርግ ከበሮ መቺ ነበር። ያን ካሴት እየሰማ ባዶ ጀሪካን ሲደበድብ ስንቴ ከሱቄ አባርሬዋለሁ! በጅቡቲ አድርጎ ሳውዲ ሊሻገር ሲነሳ፣ "እትዬ ሸጌ፣ እስክመለስ አደራ፤ አባቴ ሲመጣ ክፈችለት" ብሎ ትቶልኝ ሄደ።

ደግሰው የተሳፈረባት ጀልባ መስጠሟን የሰማነው በ1998 ነሐሴ ላይ ነው፤ አብሮት ሄዶ የተረፈ ያገሩ ልጅ ደውሎ ነገረን። ሽማግሌዎቹ መከሩና "ገብሱ እስኪገባ መርዶው ይቆይ፤ አሁን ከተነገራቸው አዝመራው ሜዳ ላይ ይቀራል" አሉ። ወጉም ይኸው ነው። እኔን ግን ማን አሰበኝ? አያ ጓንጉል ፊት ተቀምጬ ያን ካሴት የምከፍት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

አያ ጓንጉል ዘፋኙንም ጊታሩንም ከቁም ነገር አይቆጥሩም። የሚሰሙት ከኋላ ያለውን ድራም ነው። በካሴቱ ሁለተኛ ፊት ሌሎቹ ሁሉ ዝም ብለው ድራሙ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ እጃቸውን ከጋቢያቸው ያወጣሉ።

"ስሚማ፣ አሁን ይመታል ስትይ ይተውሻል። ያስርብሻል። ከዚያ ነው የሚያጎርስሽ። ደግሰውን ይህቺ ነበር ያቃተችው፤ ይቸኩላል።"

በጥቅምት አንድ ገበያ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ መምህር ዓለምነህ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ገባ። ለከተማው አዲስ ነው፤ የምናውቀውን አያውቅም። የካሴቱን ሽፋን አንስቶ እንግሊዝኛውን አነበበ።

"ይሄ ድራም መቺ ሞቷል እኮ። አልበሙ ሳይወጣ ነው የሞተው። ጓደኞቹ መታሰቢያ ይሁንልህ ብለው ጽፈውለታል።"

ዝም በል ብዬ ጠቀስኩት፤ አላየኝም።

"ሞተ?" አሉ አያ ጓንጉል።

"በልጅነቱ።"

"የክርስትና ስሙ ማነው?"

መምህሩ ሳቀ።

"ሬሳውስ ተገኘ?"

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። አያ ጓንጉል ብድግ አሉና ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። "ወይኔ አንተ ልጅ! ወይኔ እጅህ! ውሃ ሆነህ ቀረህ!" ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ለፈረንጅ አለቀሱ ብሎ የሳቀም አልጠፋ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ከነሐሴ ጀምሮ የያዝኩትን አለቀስኩ።

ካሴቱ አልቆ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሰዉም ተበተነ።

"አያ ጓንጉል፣ ማን ነገረዎ?"

"ማንም። ድሮ ገበያ ስወጣ 'የደግሰው ወሬ እንዴት ነው?' የማይለኝ አልነበረም። ከነሐሴ ወዲህ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። አንቺም አልጠየቅሽኝም።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኛ ስንደብቃቸው እሳቸውም እኛን ሲደብቁን ኖረዋል።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"መርዶ ያልመጣለት ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? እናቱ አልጣሽም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ስሙን ቤት ውስጥ መጥራት ትታለች። እሷ እኔ እንዳልሰማት፣ እኔ እሷ እንዳትሰማኝ፣ እንዲህ ሆነን ነው ያለነው።"

ጋቢያቸውን አቅንተው ለበሱ። ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሽማግሌዎቹን ንገሪልኝ፤ ይምጡ። ገብሱ ገብቷል።"

"በጥቅምት? ደረሰ እንዴ?"

"አልደረሰም" አሉ። "ከነእሸቱ አጨድኩት።"