በምሳ ሰዓት የተጻፈ ቅጣት

ሎሬታ ፕሩት ልጇን ኬንድራን ይዛ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስትደርስ ወንበሩ ሁሉ በተማሪና በወላጅ ተይዟል። በዚያች የኢሊኖይ ከተማ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ካጠፋ ፖሊስ ቅጣት ይጽፍበታል፤ ጉዳዩም የሚታየው በዚሁ አዳራሽ ነው። የዘጠነኛ ክፍሏ ኬንድራ በአንድ ፎቶ ሰበብ ከክፍል ጓደኛዋ ከማሪሶል ጋር ምሳ ላይ ፀጉር ለፀጉር ተያይዛ ነበር። በሁለቱም ላይ “ፀጥታ በማደፍረስ” ተብሎ ቅጣት ተጻፈባቸው።

ማሪሶል ከወዲያ ጥግ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ኬንድራ ገና ስታያት ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችላት።

“ታርቃችኋል እንዴ?” አለች ሎሬታ።

“እማ ደግሞ! በማግስቱ ነው እኮ የታረቅነው።”

“እና አትነግሪኝም? እኔ እናቷን ገበያ ባየኋት ቁጥር ፊቴን ሳዞር!”

ከእነሱ በፊት የተጠሩት ሁሉ ጥፋታቸውን እያመኑ፣ እየከፈሉ ወጡ። ሎሬታም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የተፈቀደላት ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። ተራቸው ደርሶ የኬንድራ ስም ሲጠራ ግን “ጥፋተኛ ነን” ማለቱን አንደበቷ እምቢ አላት።

“አንከፍልም። ለምስክርነት የመጡትን ምክትል ርዕሰ መምህር ልጠይቃቸው” አለች።

ከተማዋ እንደ ዳኛ ጉዳዩን እንዲሰማ የቀጠረችው ጠበቃ ትከሻውን ሰበቀና ፈቀደላት።

“ሚስተር ሃስኬል፣ ማን ገላገላቸው?”

“እኔ።”

“የተጎዳ ነበር?”

“አልነበረም።”

“ታዲያ ለእኔ እንደ መደወል ፖሊስ ለምን ጠሩ?”

ሃስኬል ግድግዳውን ተደግፎ ወደቆመው ፖሊስ ዞር አለ። “አልጠራሁትም። እዚያው የምግብ አዳራሹ በር ላይ ነበር” አለ። መልሱ ለራሱም ሳይጎረብጠው አልቀረም፤ ቀና ብሎ አላያትም።

ጠበቃው ወደ ኬንድራ ዞረ። “ፀጉሯን ጎትተሻል?”

“አዎ፣ ጌታዬ። እሷም ጎትታኛለች።”

“እንግዲያው ጥፋተኛ ነሽ።” ሰባ አምስት ዶላር ፈረደባት።

ሎሬታ ቦርሳዋን አንስታ ስትዞር የማሪሶል እናት ግራሲየላ ተነስታ ቆማለች። “እኛም ጥፋቱን አናምንም!” አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ሎሬታ ሥራዋን ረስታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። ማሪሶልም ተፈረደባት።

ሲወጡ ኬንድራ “ተረታን አይደል?” አለቻት።

“ተረታን። አንቺም ሁለተኛ የሰው ፀጉር ትነኪና!”

ወር ሳይሞላ የሎሬታ ስልክ በሥራ ሰዓት ጮኸ። ሃስኬል ነው።

“ሚስስ ፕሩት፣ ኬንድራ አንዱ ልጅ ላይ ወተት ደፍታበታለች። መጥተው ቢያነጋግሯት?”

“ፖሊስስ?”

“የለም። አስቀድሜ የደወልኩት ለእርስዎ ነው።”

“መጣሁ” አለች። አመስግናው ስልኩን ዘጋች፤ በልጇ መናደድ እንዳለባት ትዝ ያላት መኪናዋን አስነስታ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው።