ስሙ ያልታወቀ የአገሬው ሰው

አልታዬ በቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ታሪክ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ «ጣሊያን እኛ አገር መጥቶ ምን ሠራ?» ሲሏት የምታሳያቸው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ስለሌላት ሁሌ ይቆጫታል። ስለዚህ ደሴ ያለ ጓደኛዋ፣ ጣሊያን ውስጥ ያለ አንድ ቤተ መዛግብት የዚያን ዘመን ወረቀቶቹን ኢንተርኔት ላይ እንዳወጣ የነገራት ጊዜ፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኳ ላይ ተደፍታ ከረመች።

ያላየችው ዓይነት ወረቀት የለም። ከአውሮፕላን የተበተነ፣ «እጅህን ስጥ፣ ጠመንጃህን አስረክብ» የሚል፣ በሰባራ አማርኛ የታተመ በራሪ ወረቀት አለ። የገበያ ቀን ማስታወቂያ አለ፤ የክብሪት ሳጥን ልጥፍ ሳይቀር ተቀምጧል። አንድ የይለፍ ወረቀት ላይ አጭር ጺም ያለው ሰው ፎቶ ተለጥፏል። ስሙ የተጻፈበትን ቦታ ውኃ በልቶታል። መዝጋቢዎቹም ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ የአገሬው ሰው፣ ቦረና» ብለው አስፍረዋል።

«ባለቤቱ የጠፋ በሬ አስመሰሉት እኮ!» አለች አልታዬ፣ ስልኳን ለበዛች እያሳየቻት። በዛች የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጣት አልታዬ «እትዬ» ትላታለች።

በዛች ፎቶውን በሁለት ጣቷ አጉልታ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «የግራ ጆሮውን አየሽው? ጫፉ የለም። አባቴ ስለ አባቱ ባወራ ቁጥር የሚያነሣው ይሄንኑ ነው፤ በቅሎ ነክሳው ጆሮው ቆራጣ ነበር ይላል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ በአይሱዙ ጋቢና ተጣበው ወደ ገጠር ወጡ። የበዛች አባት አባባ ንጉሡ ዘጠና አልፏቸዋል። አባታቸው ዋለ ከቤት ሲወጣ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበሩ መልኩን አያውቁትም። እናታቸው የነገሯቸው፣ ዋለ ከአርበኞች ጋር ዘምቶ ከመቅደላ በታች ወድቆ መቅረቱን ነው።

ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጆሮውን በጣታቸው ሲነኩት ምስሉ ሸርተት ብሎ ጠፋባቸው።

«የታል? ወዴት ሄደ?» ብለው ደነገጡ።

አልታዬ ምስሉን መለሰችላቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ። «አባቴ ነው» አሉ። «ዋለ ይባላል በያቸው። ስሙን ይጻፉለት።»

ቃል ገባችላቸው። መከራዋም ከዚያ ቀን ጀመረ።

ቤተ መዛግብቱ በሦስተኛው ሳምንት መልስ ሰጣት፤ ቅጽ ሙዪ አላት። ሞላች። ዝምድናውን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላኪ አላት። ቀበሌ ስትሄድ ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነሣ «የሟች ወረቀት አላችሁ?» አለ።

«በጣሊያን ጊዜ የሞተ ሰው ምን ወረቀት ይኖረዋል?»

«ወረቀት ከሌለው መሞቱን በምን ላውቅ?»

በሁለተኛው ቀጠሮ ጸሐፊው የለም። በሦስተኛው እሱ ሲገኝ ማኅተም ያዡ ለስብሰባ ደሴ ሄዷል። ደብዳቤው ተጽፎ ሲያልቅ ደግሞ ዋለ «ዋሴ» ተብሎ ተገኘ፤ እንደገና ተጻፈ። አራት ወር እንዲህ አለቀ።

በመጨረሻ ቤተ መዛግብቱ አባባ ንጉሡ አንብበው የሚፈርሙበትን የማረጋገጫ ወረቀት ላከ። የይለፉ የጀርባ ገጽም እዚያው ተያይዟል። አልታዬ ጽሑፉን ስልኳ እንዲተረጉምላት አደረገች፤ አላመነችውም። ደሴ ላለው ጓደኛዋ ላከችው፤ እሱም ያንኑ መለሰላት። «ታማኝ። ጦራችንን ወደ አመፀኞቹ አምባዎች እየመራ ያደረሰ» ይላል።

«አታንብቢለት» አለች በዛች። «እሱ የፈለገው ስም ነው።»

«የማያውቁትን ላስፈርማቸው እትዬ? ነገ ሌላ ሰው ቢያነብላቸውስ?»

እሑድ ሁለቱ እንደገና ወደ ገጠር ወጡ፤ አልታዬም አነበበችላቸው። አባባ ንጉሡ ምርኩዛቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«ባንዳ ነበር ነው የምትዪኝ?»

«አስገድደዋቸው ሊሆን ይችላል አባባ። ወረቀቱን የጻፉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ የጻፉት ሁሉ እውነት አይደለም።»

«ውሸት ከሆነ ለምን አመጣሽልኝ? እውነት ከሆነስ ለምን አነበብሽልኝ?»

አልታዬ ስልኳን ከፍታ ፎቶውን ዳግም አሳየቻቸው።

«የኔ አባት አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «በቅሎ የነከሰችው ሰው ስንት አለ።»

«ያን ቀን እኮ አባባ…»

«ዓይኔ ደካማ ነው። አልፈርምም። አብሽሪ ልጄ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በይ ሂጂ።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሲመለሱ አይሱዙው በየጉድጓዱ ሲያላጋቸው አልታዬ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ቀበሌ ያመላለሳትን ጸሐፊ ረገመች። ሰውን መንገድ አስመርቶ ስሙን እንኳ በወጉ ያላኖረውን ጣሊያን ረገመች። ሽማግሌውንም በልቧ ተቀየመቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

ሌሊቱን አውጥታ አውርዳ በነጋታው ለቤተ መዛግብቱ ጻፈች። ስሙን ተዉት፤ ግን «የአገሬው ሰው» የሚለውን የንቀት አጠራር አንሡልኝ፤ በምትኩ ቤተሰቡ ተጠይቆ መፈረም እንዳልፈለገ ጻፉ አለች። በአሥረኛው ቀን መልስ መጣ፤ መዝገቡ ለእንዲህ ያለ ማብራሪያ ቦታ የለውም፤ የቤተሰብ ፊርማ ስላልደረሰን ጥያቄዎን ዘግተናል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል።

መልሱን ይዛ ቤተ መጻሕፍት ገባች። በዛች አነበበችና ስልኩን መለሰችላት።

«እንኳን ተዘጋ» አለች።

«ለማን ነው እንኳን?»

«ለአባቴ። ካነበብሽለት ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰም። አንቺ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ፤ እሱን የማስታምመው ግን እኔ ነኝ።»

መጽሐፍ ሊመልሱ የመጡ ተማሪዎች በር ላይ ተሰልፈው ነበር። በዛች «ተራ ያዙ!» ብላ ጮኸችባቸውና ወደ ሥራዋ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የላቸውም።