እጅ የገባበት ፎቶ

እየሩስ ስልኳን ልትሞላበት የተዋሰችውን ፓወር ባንክ ይዛ ወደ መማሪያ ክፍሏ ስትሮጥ የፓወር ባንኩ ባለቤት አብዱልቃኒ ከኋላ ይከተላታል።

"ቀስ በይ እንጂ! ስንዴሽ እንደሆነ የትም አይሄድ!"

ስንዴው ሄዶ ነበር። ከማለዳ ጀምራ ጠረጴዛው ላይ ባነጠፈችው ጥቁር ጨርቅ ፍሬ በፍሬ ደርድራ የሠራችው የስንዴ ማሳ የለም። በላዩ ያረፉት፣ ከኑግ ፍሬ የሠራቻቸው ወፎችም የሉም። ጠረጴዛው አጠገብ እናቷ ወለላ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች።

"እማ! ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ? ስንቅሽን ይዤ ከሉማሜ መጣሁ። ዘበኛው እዚያ ናት አለኝ። ብገባ እህል ተበትኗል። ሰው ሳያይብሽ ሰበሰብኩልሽ።" የነጠላዋን ሁለት ጫፎች አሳየቻት። "ኑጉን ለብቻው ነው የቋጠርኩት። እህል ጠረጴዛ ላይ ይዘራል? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ?"

አብዱልቃኒ አፉን በእጁ ሸፈነ። "እኔ ደግሞ ዶሮ እንዳትገባ ነበር የምፈራው።"

እየሩስ አልሳቀችም። የአኒሜሽን ክፍል ተማሪዎች ሥራቸውን ለወላጆች የሚያሳዩት ዛሬ ከሰዓት ነው። ሰሞኑን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ያልሄደችው ለዚህ ነበር። ስልኳ ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሎ በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ ፎቶ ያነሣል፤ እሷ በመሃል በመሃሉ ፍሬዎቹን በስንደዶ ጫፍ ገፋ ታደርጋለች። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ቡቃያው ይበቅላል፣ ያፈራል፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ወፍ ያርፍበታል። የቀራት ወፎቹን አባርሮ አዝመራውን መሰብሰብ ነው። እዚህ ላይ ከቆመ ወፍ የበላው ማሳ ሆኖ ሊቀር ነው።

መምህር ምስጋናው ጫጫታውን ሰምቶ ገባ። ሩቅ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ትምህርቱ እዚህ ለማን እንደሚጠቅም እሱ ራሱ እርግጠኛ አይመስልም፤ ደንቡን ግን ያጠብቃል። የመጀመሪያው ደንብ፣ እጅ የገባበት ፎቶ ይሰረዝ የሚለው ነው። ተመልካቹ ፍሬው በራሱ የሄደ ሊመስለው ይገባል።

ባዶውን ጨርቅ አይቶ ነገሩ ገባው። "እንደገና ልደርድር ብትይ አይደርስልሽም። ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆይ።"

ወለላ ልጇንና መምህሩን አፈራርቃ አየች። "ጥፋት አጠፋሁ እንዴ? ይኸ ስልክሽ ደግሞ ስሰበስብ ሁሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ነበር። ተበላሽቶ እንደሆን እዪው።"

እየሩስ ቀና አለች። ስልኩ አሁንም ቀጭ አለ። ሳታጠፋው ነበር የወጣችው። አውርዳ ፎቶዎቹን አስሮጠቻቸው።

ማሳው ይወዛወዛል፤ ወፎቹ ያርፋሉ። ከዚያ ከላይ በኩል አንድ ትልቅ እጅ ገባ። መጀመሪያ ወፎቹን አንድ በአንድ ለቀመ። ቀጥሎ ስንዴውን ከዳር ጀምሮ በመዳፉ እያቀፈ ወደ መሃል ሰበሰበ፣ ቆለለ፣ አነሣ። ተመልሶ መጣና በጨርቁ ክር ውስጥ የተደበቀችውን አንዲት ፍሬ ፈልጎ ያዘ። ጨርቁ ባዶ ቀረ።

ወለላ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ያ የኔ እጅ ነው?" አለች ወለላ።

"ያንቺ ነው።"

"እንዲህ ገዝፎ!"

አብዱልቃኒ፣ "በስማም ይበሉ እንጂ፣ ወፎቹን እንዴት እንደጠራረጓቸው!" ብሎ ወለላን አሳቃት።

ምስጋናው መልሶ አየው፤ ደግሞ አየው። "ደንቡን ታውቂያለሽ" አለ፣ ድምፁ ግን እንደወትሮው አልነበረም። "እጅ የገባበት..."

"አውቃለሁ። ይኸ አይሰረዝም" አለች እየሩስ።

ምስጋናው ፀጉሩን አከከ። "መጨረሻው ላይ የሠሪውን ስም መጻፍ ነው እንግዲህ የቀረሽ።"

እየሩስ ስልኩን ቦታው መልሳ ሰቀለችና እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች። "ከኑጉ ሳይሆን ከስንዴው ቆንጥሪልኝ።"

"ልትበትኚው ነው ደግሞ?"

"ስምሽን ልጽፍ ነው። ከኔ በፊት ያንቺን።"

ወለላ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ቆየች። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታች።

"እሺ፤ ስትጨርሺ ግን ራሴ ነኝ የምሰበስበው።"

"አንቺው ነሽ" አለች እየሩስ፤ ስልኩንም ሳታጠፋው ተወችው።