የሥራነሽ ለቅሶ

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ የሥራነሽ እንዳላማው የግራ ጉልበት ጥቅል ጎመን አከለ። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶታል፤ ጠበልም ሳምንት ሙሉ ፈስሶበታል። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም ራጅ አስነስቶ አየውና ነቀርሳ ነው አለ። አዲስ አበባ ሄዳ በሦስት ሳምንት ውስጥ እግሯ ካልተቆረጠ በሽታው ወደ ሳንባዋ እንደሚሻገር ነገራቸው። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ባላቸው የሞተባቸው ጠላ ሻጭ ናቸው። ከጋናቸው በቀር የሚሸጥ ነገር አልነበራቸውም፤ ጋኑም ተሰንጥቆ ነበር።

የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ሱሩር ልጅ አስያ ከሦስተኛ ክፍል ጀምራ ከሥራነሽ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጠችው። አሁን ስምንተኛ ደርሰዋል። የሰኔውን የሒሳብ ፈተና ያለ ሥራነሽ መግባት ለአስያ ጨርሶ የማይታሰብ ነገር ነበር። ስለዚህ የዘይት ጣሳ አጥባ፣ ክዳኑን በቢላዋ ሰንጥቃ፣ ለጓደኛዋ ልትለምን ወጣች።

ከተማው በምክር አልነፈጋትም። ስለ ነቀርሳ ጀምራ እስክትጨርስ የሚያዳምጣት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጠበል ይነግራታል። በሁለት ቀን ሰባት ጠበልና አንድ ደብተራ ተጠቆመላት። ጣሳው ውስጥ ግን ሁለት ብር እንኳ አልሞላም።

«ወሬ ታበዣለሽ» አለቻት ሥራነሽ፣ ጉልበቷን ፀሐይ እያሞቀች። «በሽታውን ስታስተምሪያቸው ሰዉ ኪሱን ይረሳል። ስሜን ብቻ ጥሪ።»

«ስምሽን ማን ያውቀዋል?»

«ሮብ ገበያ ያውቁታል። አጎቴ ጭቃ ሹም ናቸው፤ አገሩ የሳቸው ነው። ደግሞ የተማሪ ልብስ ለብሰሽ አትሂጂ፤ ባላገር ለተማሪ አይሰጥም። የእማዬን ነጠላ ልበሺ።»

አቶ ሱሩር ረቡዕ ረቡዕ ጨርቃቸውን በበቅሎ ጭነው ሮብ ገበያ ይወርዳሉ። አስያ አብራ ሄደች። አባቷ በገበያው ታችኛው ጫፍ ድንኳናቸውን ሲተክሉ እሷ ወደ እህል ተራው ወጣችና ነጠላውን አወጣች። ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ ገበያው ጭቃ ነው። አስያ ደግሞ መራመድ ከጀመረች አንስቶ በሱቅ ውስጥ የሰማችው አንድ ሕግ አለ፦ ጥለት ጭቃ ከነካው ቀለሙ ይሄዳል። እሷም የሰው ዕቃ ነውና ተጠንቅቃ ነጠላውን ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ባንገቷ ዙሪያ አጣፋችው። ክርስቲያን ሴት እንደዚያ የምትለብሰው ሰው ሲሞትባት መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። ትዝ ያላት ቀለሙ ነው።

«ስለ ሥራነሽ እንዳላማው!» አለች፣ ጣሳውን ዘርግታ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እህል ሻጮቹ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሃያ አምስት ሳንቲም ጣሉ። «ያጥናሽ ልጄ» አሏት። አስያ መለመን ብርታት እንደሚጠይቅ የገባቸው ሰው አገኘሁ ብላ አመሰገነቻቸው። አንዲት ቅቤ ሻጭ «በምን?» ብላ ጠየቀቻት።

«በነቀርሳ።»

ሴትዮዋ ደረቷን መታች፤ የቅቤዋን ሽያጭ ግማሹን ሰጠቻት። ቀትር ሳይሆን ጣሳው ሞላ። አስያ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ የደጋ ሰው ደግነት የተለየ መሆኑን፣ እሷም ለሥራው የተፈጠረች መሆኗን ለአባቷ ነገረቻቸው።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱ ልጆች ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ሒሳብ ይሠራሉ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጌሾ ሊገዙ ወጥተዋል። ከቁልቁለቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ ከሮብ ገበያ አገር ሠላሳ ያህል ሰው መጣ፤ ሴቶቹ ወገባቸውን በመቀነት አስረው፣ ፊታቸውን ሸፍነው። ከፊት የምትመራቸው ጤናዬ የምትባል የታወቀች አልቃሽ ናት፦

«ምነው ሥራነሽ፣ ምነው ዝም አልሽ፣
ያን ሁሉ ፊደል ለማን ተውሽ?»

አስያ ጣሳውን፣ ገበያውን፣ ነጠላውን አንድ ባንድ አሰበችና ነገሩ ገባት። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሥራነሽ ክንዷን ያዘቻት።

«ዝም በይ። ሁለተኛውን ልስማ።»

ሁለተኛው ስለ ዓይኗ፣ ሦስተኛው ስለ ጸጉሯ ነበር። አራተኛው ላይ አጎቷ ጭቃ ሹም አለበል አንድ ሙክት የሚጎትት ሰው አስከትለው በበቅሎ ደረሱ። ከኮርቻቸው ላይ ሆነው መደቡን አዩና ልጓሙን ሳቡ።

«አንቺ! አልሞትሽም?»

«አልሞትኩም፣ ጋሼ።»

«እና ማነው የሞተው?»

«እስካሁን ማንም የለም።»

ሙሾው ቆመ። በዚህ መሐል ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከማዶ ብቅ አሉ። ደጃቸውን የሞላውን ሰው አዩ። ጌሾው ከራሳቸው ላይ ወደቀ፤ እሳቸውም ከጌሾው ቀጥለው ወደቁ። ሰው ሮጦ «አለች! አለች!» ቢላቸውም አላመኑም። ተደግፈው መጥተው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳበሱ። ከዚያ ዞረው አስያን በጥፊ አጮሏት፤ ወዲያው ደግሞ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። አስያ ስለ ጥለቱ ቀለም አስረዳች። ጨርቅ ነጋዴ ካልሆነ ማንም ሊገባው አልቻለም።

ከለቀስተኞቹ አንዱ ሙላት የሚባል ገበሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ለነፍሷ ብዬ ነው የሰጠሁት። ነፍሷ ካልወጣች ገንዘቡ ይመለስ።»

«እውነት ነው» አሉ ሌሎች። አስያ ጣሳውን አቀፈችው። አውቶቡሱ ሰኞ ነው፤ የሐኪሙ ሦስት ሳምንት ደግሞ ከተጋመሰ ሦስት ቀን ሆኖታል።

ሥራነሽ ቀሚሷን ገለጠችና ጉልበቷን አሳየቻቸው።

«ጋሽ ሙላት፣ ይኼ ሊቆረጥ ነው» አለች። «ከኔ አንድ እግር መሞቱ አይቀርም። የሰጡኝን ለሱ ያድርጉት።»

«እግር ነፍስ የለውም።»

«ስንት ሰጠህ?» አሉት ጭቃ ሹም።

«ሃምሳ ሳንቲም።»

«በሃምሳ ሳንቲም ሙሉ ሰው ሊለቀስልህ ኖሯል? ለእግር መች አነሰ!» ብለው ከበቅሏቸው ወረዱ።

ለሐዘን የመጣው ሙክት በዚያው ቀን ተሸጠ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እናትና ልጅ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ከጣሳውና ከሙክቱ የተገኘው ለመሄጃና ለሐኪሙ ይበቃል ተብሎ ነበር፤ ስለ መመለሻው ማንም አላነሳም።

ቴሌግራሙ በአቶ ሱሩር ስም መጣ፦ «እግር ተቆረጠ። ደህና ነኝ። ሁለት ወር ተኚ አሉ። ገንዘብ።»

አስያ በረቡዑ ወረቀቱን ይዛ ሮብ ገበያ ሄደችና ለጭቃ ሹም አነበበችላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ እህል ተራው መሐል በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ያን ጊዜ መርዶዋን ለአገሩ ባወሩበት ድምፅ ተጣሩ።

«የእኅቴ ልጅ አልሞተችም! እናንተ ያለቀሳችሁ ሁሉ፣ ስጡ!»

ሰዉ ግን አንዴ ተታሏል። እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሁሉ ወደ አስያ ጠጋ ብሎ «እውነት አለች?» ይላታል።

«አለች» ትላለች አስያ።

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

ድምጿ እስኪዘጋ ይህንኑ ስትመልስ ዋለች። አንድም ጊዜ አልሰለቻትም።