ገለባው የሄደበት

ፈይዛ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ የንፋስ መለኪያውን ብሎን ስትፈታ ከአውድማው ጩኸት መጣ።

"ምን አደረገሽ ያ ብረት፣ እታለም? ልትነቅይው ነው?"

ጋሽ አካሉ ናቸው። መለኪያው የተሰቀለበት ምሰሶ የቆመው ከገደሉ ስር፣ በእርሻቸው ጫፍ ላይ ነው። ወር ሙሉ ጥጃ እያባረሩ ያለ ደሞዝ የጠበቁት እሳቸው ናቸው።

"አልነቅለውም ጋሼ! ተገልብጦ ስለተሰቀለ ላዞረው ነው።"

"ማን ገለበጠው?"

"ስማቸው ነዋ!" ስሙን ስትጠራው እንደገና ተናደደች።

ስማቸው የዩኒቨርሲቲው ቴክኒሽያን ነው። ፈይዛ ደግሞ የመካነ ሰላም ልጅ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የአየር አካሄድን በኮምፒውተር የምታሰላ መምህርት። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት የአውሮፕላን ክንፍ ስታሰላ ኖራ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ "እዚያ የማንን ክንፍ ልታሰዪ ነው?" ብለው ያሾፉባት ብዙ ነበሩ። እሷ ግን እልኸኛ ናት። እዚህ ንፋስ ሞልቶ ሴቶቹ ውሃ በባልዲ ይስባሉ። ስለዚህ ከጋሽ አካሉ ማሳ አጠገብ ላለው ጉድጓድ የንፋስ ፓምፕ ልትተክል ተነሳች። የፓምፑ ብረት ሰኞ ከደሴ ይመጣል።

ስሌቷ የበጋው ንፋስ ከምሥራቅ መጥቶ በገደሉ አናት አልፎ ወደ መንደሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ይላል። መለኪያው ግን ወሩን ሙሉ ከምዕራብ ይነፍሳል እያለ ሲመዘግብ ከረመ። ስማቸው ገልብጦ ሰቅሎታል ብላ አሰበችና ቁጥሮቹን ሁሉ አዞረቻቸው። ወዲያው ከስሌቷ ጋር ልክክ አሉ። "በኮምፓስ ነው የሰቀልኩት፣ ልጆቼን!" ብሎ ቢምል፣ "ኮምፓስህን አስመርምር" አለችው፣ ያውም ሰው ፊት። ይህን ስሌት የያዘ ጽሑፏን አንድ የውጭ መጽሔት ተቀብሎታል። የመጨረሻውን ቅጂ ዛሬ ትልካለች፤ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረጓ የሚጠብቀው እሱን ብቻ ነው።

"ንፋሱ መጣ!" አሉ ጋሽ አካሉ። ጀርባቸውን ለመንደሩ ሰጥተው ገብሱን በመንሽ ወደ ላይ በተኑት። እህሉ እግራቸው ስር ወረደ። ገለባው ተነስቶ ወደ ገደሉ ሄደ።

ፈይዛ ቀና አለች። ገደሉ አናት ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ወደ መንደሩ አጎንብሷል። ገለባው ደግሞ በተቃራኒው ወደ ገደሉ ይበራል። ከመሰላሉ ወርዳ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ምኑ?"

"ከላይ ወደዚህ እየነፈሰ፣ ታች ወደዚያ።"

"የላዩ የላይ ነው። ታች ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል። አባቴም ጀርባቸውን ለመንደሩ ሰጥተው ነው ያዘሩት" አሉና ሳቁ። "ያ የአቀስታው አማቼ፣ ዛፉን አይቶ ጀርባውን ለገደሉ ሰጠልሻ! ወላሂ፣ ዓይኑን ገለባ ሞልቶት ሦስት ቀን ሲያሽ ከረመ።"

ፈይዛ አልሳቀችም። እፍኝ ገለባ ይዛ ወደ ገደሉ ሄደች፤ በየአሥር እርምጃው በተነች። ገደሉ ስር እስክትደርስ ገለባው ከፊቷ ሄደ። ከሹል ጠርዝ የሚወድቅ ንፋስ ስሩ ላይ እንደሚጠቀለል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣለች ታስተምራለች። ከኢንተርኔት ያወረደችው ካርታ ግን ገደሉን ለስላሳ ተዳፋት አድርጎት ነበር፤ እሷም ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የምታውቀውን ገደል ትታ ካርታውን አመነች። አፈረች። እዚህ ቢተከል የሚጠቀለለው ንፋስ ፓምፑን ከዚህም ከዚያም እየመታ ክንፉን ዓመት ሳይሞላው ይገነጥለው ነበር።

ስልኳ ጮኸ። አማካሪዋ ዶክተር በእውቀቱ ናቸው፤ የጽሑፉ ሁለተኛ ደራሲም እሳቸው ናቸው።

"ላክሽው?"

"አልልከውም ዶክተር። መለኪያው ልክ ነው፤ የተሳሳተው ስሌቴ ነው።"

"ፈይዛ፣ ገምጋሚዎቹ አልፈውታል። ማን ያውቃል ብለሽ ነው?"

"ጋሽ አካሉ ያውቃሉ።"

"እሳቸው ደግሞ የት ነው የሚያስተምሩት?"

"እዚሁ አጠገቤ ገብስ እያዘሩ ነው።"

"ማዕረጉስ? አንድ ዓመት ወደ ኋላ መቅረትሽ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ" አለች። "ለመጽሔቱ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ፓምፑንም ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ፣ ኢንሻ አላህ።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ስማቸው ደወለች። "አቤት" አለ፣ እንዳኮረፈ ሰው።

"አንተ ልክ ነበርክ። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፣ ሰኞም ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። አሁን ረጅሙን ሜትርና ገመድ ይዘህ ና። ገደሉን ራሳችን እንለካዋለን።"

"ዛሬ?"

"ንፋሱ ሳይቆም።"

"አብሽሪ ልጄ፣ እስኪመሽ አይቆምም" አሉ ጋሽ አካሉ ከአውድማው።

ፈይዛ እንደገና መሰላሉን ወጣች። ምሰሶው ላይ ስማቸው ለሰሜን ምልክት ብሎ የቀባው ቀይ መስመር አሁንም አለ። መለኪያውን ከመስመሩ ጋር አገጣጠመችና ብሎኑን አጠበቀችው።